ጉዳዩ ልደታ ከመድረሱ በፊት

የሕዝብ እንደራሴዎች መንግሥትን የሚጠይቁበት መንገድና የገበሬው ድርሻ

በአዲስ አበባ፣ ልደታ የሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት በሕዝብ ገንዘብ ላይ ደረሱ የተባሉ ጉዳቶች በክስ መልክ የሚታዩበት ቦታ ነው። ባለፉት ዓመታት በሚኒስትርና በሚኒስትር ዴኤታ ደረጃ የነበሩ ሹማምንት፣ የመንግሥት ድርጅት የመሩ፣ ግዢ የፈጸሙና ውል የፈረሙ ሰዎች በዚህ ችሎት ቀርበው ተከራክረዋል። ለጉዳይ ከገጠር የመጣ ሰው እንኳ «ነገሩ ልደታ ደርሷል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አይቸግረውም።

ይሁን እንጂ ነገሩ ልደታ በሚደርስበት ጊዜ ገንዘቡ ወጥቶ አልቋል፤ የዘሩ ወቅት አልፏል፤ ይሠራል የተባለውም ሥራ ቆሟል። ችሎቱ ጥፋተኛ ሆኖ ያገኘውን ሰው ሊቀጣ ይችላል። ማዳበሪያ ሳይደርሰው የቀረውን ማሳ ግን ዳግመኛ ሊዘራው አይችልም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ መመርመር ያለበት ዐቢይ ጥያቄ፣ ነገሩ ልደታ ከመድረሱ በፊት ማን ሊጠይቅ ይገባው ነበር? የሚለው ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መልሱ አንድ ነው። ይኸውም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ የሚመዘነው ባወጣው የአዋጅ ብዛት ብቻ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ባስቆመው ጥፋት ጭምር ነው። እንደራሴውን መርጦ የላከው ደግሞ በአብዛኛው ገበሬው በመሆኑ፣ ይህን አሠራር ማወቅ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች የቅርብ ጉዳይ ነው።

የምክር ቤቱ ሥልጣን

በኅዳር ወር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን የሚያጓድል ማንኛውም ሹም ወይም የሕዝብ ተመራጭ ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። በአንቀጽ 72 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነታቸው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መሆኑን ይገልጻል። ይህም ማለት የሥራ አስፈጻሚው አካል የሚሠራው እንደራሴዎቹ በሰጡት ውክልና ነው ማለት ነው።

የምክር ቤቱ አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ተወስኗል። የሥራ ዘመኑ 5 ዓመት ነው። ዓመታዊ ስብሰባው በመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ቀን ይቆያል፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖረው ይችላል። በመርሕ ደረጃ ስብሰባው በግልጽ የሚካሄድ ነው። ከግማሽ በላይ የሆኑት አባላት ካልተገኙ ምልዓተ ጉባኤ የለም።

መንግሥትን ለመቆጣጠር ምክር ቤቱ በእጁ ያሉት መሣሪያዎች አራት ናቸው ማለት ይቻላል።

አንደኛው በጀት ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ሲሆን፣ ምክር ቤቱ ሳያጸድቅ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ማውጣት አይችልም። ለ2018 በጀት ዓመት የጸደቀው የፌዴራል በጀት 1 ነጥብ 93 ትሪሊዮን ብር ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ ከሕዝብ ኪስ በግብርና በቀረጥ፣ ከውጭም በብድርና በዕርዳታ የሚሰበሰብ በመሆኑ፣ ያጸደቀው ክፍል የት እንደደረሰ የመጠየቅ ግዴታም አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው። በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 መሠረት ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለ ሥልጣኖችን ለጥያቄ የመጥራትና አሠራራቸውን የመመርመር ሥልጣን አለው። በንዑስ አንቀጽ 18 መሠረት ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ፣ ለሥራ አስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ይወያያል፤ ውሳኔ መስጠት ወይም አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃ መውሰድም ይችላል።

ሦስተኛው ቋሚ ኮሚቴ ነው። የምክር ቤቱ እውነተኛ የክትትል ሥራ የሚከናወነው በሙሉ ጉባኤው አዳራሽ ሳይሆን በቋሚ ኮሚቴዎች ውስጥ ነው። የግብርና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የግብርና ሚኒስቴርን ዕቅድና ክንውን ይገመግማል፤ እስከ ገጠር ወርዶም የመስክ ምልከታ ያደርጋል።

አራተኛው ኦዲት ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በምክር ቤቱ ይሾማል። ሪፖርቱን የሚያቀርበውም ለምክር ቤቱ ነው። በአንቀጽ 101 እንደተደነገገው የመሥሪያ ቤቱን በጀት የሚያቀርበው በቀጥታ ለምክር ቤቱ ነው እንጂ፣ ሂሳቡን ለሚመረምርበት ሚኒስቴር አይደለም። ይህ የተደረገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ተመርማሪው የመርማሪውን ቀለብ የሚሰፍር ከሆነ ምርመራው ለይስሙላ ይሆናል።

ከማኅበሩ አሠራር ጋር ሲነጻጸር

ይህ አሠራር ለማኅበር መሪ እንግዳ አይደለም። በማንኛውም የኅብረት ሥራ ማኅበር የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሥራ አመራር ኮሚቴው የጉባኤውን ውሳኔ ይፈጽማል። ቁጥጥር ኮሚቴው ደግሞ ሥራ አመራሩን ይከታተላል። በዓመቱ መጨረሻ መዝገብ ተመርምሮ፣ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ገባ፣ ስንት ተከፋፈለ፣ ስንት ብር ተሰበሰበ፣ ስንቱ ባንክ ገባ የሚለው በጉባኤው ፊት ይነበባል።

ጉባኤው ባይጠይቅ ምን እንደሚሆን ማንም የማኅበር አባል ያውቃል። መጋዘን ያዡ ብልሹ ሰው ባይሆን እንኳ ጠያቂ በሌለበት ሁለት ዓመት ሲቆይ ሚዛኑ ይዛባል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሚሠራውም ሹመት ያለ ቁጥጥር ሲሰጥ ነው። የቁጥጥር ኮሚቴው አባላት የሊቀ መንበሩ ዘመዶችና ወዳጆች ብቻ ከሆኑ ደግሞ፣ ኮሚቴው በስም አለ እንጂ በሥራ የለም።

በአገር ደረጃም ነገሩ ይኸው ነው። ምክር ቤቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ መንግሥት ሥራ አመራር ነው፤ ዋና ኦዲተርና ቋሚ ኮሚቴው ደግሞ የቁጥጥር ክፍሎች ናቸው። ልዩነቱ የገንዘቡ መጠንና የርቀቱ ጉዳይ ነው። በማኅበሩ ጉባኤ ላይ አባሉ መጋዘኑን በዓይኑ ያየዋል። በአራት ኪሎ ግን እንደራሴው የሚያየው ሪፖርት ነው። ስለሆነም ሪፖርቱን ከመሬቱ ጋር የሚያስተያይለት ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ደግሞ በመሬቱ ላይ የሚኖረው የማኅበር መሪ ነው።

ጠያቂ በሌለበት ዘመን የደረሰው

የኢትዮጵያ ምክር ቤት ታሪክ የሚጀምረው በሐምሌ ወር 1923 ዓ.ም. ከወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ነው። በዚያን ጊዜ የምክር ቤቶቹ አባላት በሕዝብ አይመረጡም ነበር። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ተፈቀደ። ይሁንና ለእጩነት ለመቅረብ ግምቱ 1 ሺህ ብር የሆነ የማይንቀሳቀስ ወይም 2 ሺህ ብር የሆነ የሚንቀሳቀስ ንብረት መኖር ነበረበት። ጭሰኛው መምረጥ ይችል ይሆናል እንጂ ለመመረጥ በሩ ተዘግቶበት ነበር። ሚኒስትሮቹም ቢሆኑ ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር።

የዚህ ውጤት በመሬት ጉዳይ ላይ ታየ። የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር በ1958 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ የጭሰኛውንና የባለ መሬቱን ግንኙነት የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ተዘጋጀ። ረቂቁ ባለ መሬቶች በበረከቱበት ምክር ቤት ዘንድ ሲንከባለል ቆይቶ ሳይጸድቅ ቀረ። በአገሪቱ ከሁሉ የበለጠ ሕዝብ የሚመለከተው ጥያቄ በምክር ቤቱ አዳራሽ መልስ አላገኘም።

ከዚያም የወሎ ረኀብ መጣ። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ሕዝብ ሲያልቅ ምክር ቤቱ ሚኒስትሮችን ጠርቶ በጊዜው መልስ አላስገኘም። ስለ ረኀቡና ስለ ባለ ሥልጣኖች አሠራር የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ነው። ኮሚሽኑም ሥራውን ሳይጨርስ ጠመንጃ ቀደመው። ከልደታ ብዙ በማይርቀው፣ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት በቆመበት ስፍራ፣ በዚያን ጊዜ «ዓለም በቃኝ» የሚባለው እስር ቤት ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከእነርሱም መካከል ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን ይገኙበታል። በምክር ቤት አዳራሽ በጥያቄና በመልስ መፈታት የነበረበት ነገር በጥይት ተዘጋ። ለወሎ ሕዝብ ሞት ማን ምን ያህል ተጠያቂ እንደነበረ በአግባቡ በፍርድ ሳይለይ ቀረ።

መሬት ለአራሹ የተሰጠውም በምክር ቤት ሳይሆን በወታደራዊው መንግሥት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የገበሬ ማኅበራት በዚሁ አዋጅ ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲቋቋሙ ተደረገ። አዋጁ ለገበሬው ትልቅ ለውጥ ነበር። ነገር ግን መሬቱን የሰጠውን መንግሥት የሚጠይቅ ክፍል አልነበረም። በመሆኑም ቆየት ብሎ «እርሻ ሰብል» በሚባለው የመንግሥት ድርጅት በኩል የእህል ኮታ በተቆረጠ ዋጋ ሲጫን፣ የማኅበሩ መሪ የአባላቱ አፈ ጉባኤ መሆኑ ቀርቶ ኮታ ሰብሳቢ ሆነ። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ነበሩት፤ መደበኛ ስብሰባውም በዓመት አንድ ጊዜ ነበር። ኮታው የተነሣው በ1982 ዓ.ም. በፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ በተወሰነ ውሳኔ ነው እንጂ፣ በሸንጎው ፊት ሚኒስትር ተጠይቆ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ምክር ቤት መኖሩ ብቻውን ገበሬውን አይጠቅመውም። የሚጠቅመው በምክር ቤቱ ውስጥ የሚጠይቅ ሰው ሲኖርና ጥያቄውም መልስ እስኪያገኝ ሲከታተል ነው።

የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ምን ያስተምራል?

በቅርቡ ዘመን ከደረሱት ሁሉ ገበሬውን በቀጥታ የሚነካው የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ጉዳይ ነው። በኢሉ አባቦር፣ በአካባቢው ያለውን የድንጋይ ከሰል ተጠቅሞ በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያ እንዲያመርት የታሰበው ይህ ፋብሪካ ግንባታው የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሥራው የተሰጠው በ2002 ዓ.ም. ለተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ሜቴክ ለሚባለው የመንግሥት ድርጅት ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ገንዘብ ወጣ፤ ፋብሪካው ግን ሳያልቅ ሥራው ከሜቴክ እጅ ወጣ። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ እንኳ ለገበሬው አልደረሰም።

በእነዚያ ዓመታት ምክር ቤቱ ምን ይመስል ነበር? በ2002ቱ ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ አሸነፉ። ከተቃዋሚ ወገን የገባው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ አንድ የግል ተወዳዳሪም ነበር። በ2007ቱ ምርጫ ደግሞ 547ቱም መቀመጫዎች በገዥው ፓርቲና በአጋሮቹ ተያዙ። ስለ ስኳርና ስለ ማዳበሪያ ፕሮጀክቶች መዘግየት በቋሚ ኮሚቴዎች ሪፖርት ይሰማ ነበር። ነገር ግን ሪፖርት መስማትና ሥራን ማስቆም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጠያቂውና ተጠያቂው የአንድ ፓርቲ አባላት ሲሆኑ፣ ጥያቄው ከማሳሰቢያ አልፎ ወደ ውሳኔ ለመድረስ ይቸገራል።

በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በሰጡት መግለጫ ሜቴክ 37 ቢሊዮን ብር የሚገመት የውጭ አገር ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን አስታወቁ። የድርጅቱ ኃላፊዎች ተይዘው ክሳቸው በልደታው ችሎት ታየ። ከክሶቹ መካከል ስለ ሆቴልና ስለ መርከብ ግዢ የቀረቡ ይገኙባቸዋል።

እዚህ ላይ በፍርድ ቤትና በምክር ቤት ሥራ መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ይህ ሰው ይህን ወንጀል ፈጽሟል ወይስ አልፈጸመም? ብሎ ነው። ማስረጃ ከሌለ ወይም ክሱ ከተነሣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ምክር ቤት ግን የሚጠይቀው ከዚህ የሰፋ ነው። ልምድ የሌለው ድርጅት ይህን ያህል ሥራ እንዴት ተሰጠው? ውሉን ማን አጸደቀ? ሥራው ሲዘገይ ክፍያው ለምን አልቆመም? የሚሉት ወንጀል ባይኖር እንኳ መልስ የሚሹ ጥያቄዎች ናቸው። ሹሙ ሌባ ሳይሆንም ሥራው ሊበላሽ ይችላልና። እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ችሎት በልደታ የለም። ቦታቸው ምክር ቤቱ ነው። ጊዜያቸውም ውሉ ሲፈረምና የመጀመሪያው ክፍያ ሲወጣ ነው።

የፋብሪካው አለመጠናቀቅ በየመንደሩ ተሰምቷል። አገሪቱ ማዳበሪያን በውጭ ምንዛሪ ገዝታ፣ በጅቡቲ ወደብ በኩል ማስገባቷን ቀጠለች። በ2015 ዓ.ም. የመኸር እርሻ ወቅት ማዳበሪያ በጊዜው ባለመድረሱ፣ በአማራ ክልልና በሌሎችም አካባቢዎች ገበሬዎች ቅሬታቸውን በአደባባይ አሰምተዋል።

ጠያቂውን የሚጠብቀው ምንድን ነው?

የዋና ኦዲተር ሪፖርት በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ይቀርባል። ሂሳብን ብቻ ሳይሆን፣ የክዋኔ ኦዲት በሚባለው ሥራው፣ ገንዘቡ ለታለመለት ግብ መዋሉንም ይመረምራል። በሪፖርቶቹ ውስጥ እየተመላለሱ የሚታዩት ጉድለቶች የታወቁ ናቸው። በወቅቱ ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ከመመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዢ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ ይገኙባቸዋል። ችግሩ ጉድለቱ አለመታወቁ አይደለም። የታወቀው ጉድለት በሚቀጥለው ዓመትም ተመልሶ መምጣቱ ነው።

ይህን እንዲከታተል በምክር ቤቱ ውስጥ የተደራጀው የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ጠርቶ በኦዲት ግኝቱ ላይ በይፋ ይጠይቃል። እንዲህ ዓይነት ኮሚቴ በሌሎች አገሮችም የቆየ ነው። በእንግሊዝ ምክር ቤት የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 ሲሆን፣ በልማድ ሰብሳቢው የሚሆነው ከተቃዋሚው ወገን የመጣ እንደራሴ ነው። ምክንያቱም የራስን ወገን ሂሳብ በጽኑ መመርመር ለማንም ሰው ከባድ በመሆኑ ነው።

ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ በኢትዮጵያም የዚህ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆኑት ከተቃዋሚው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ የተመረጡት አቶ ክርስቲያን ታደለ ነበሩ። አቶ ክርስቲያን በአማራ ክልል ግጭቱ በተባባሰበት በ2015 ዓ.ም. ክረምት ተይዘው ታሰሩ። ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሣው ከወራት በኋላ በ2016 ዓ.ም. ነው። በሽብር ወንጀል የቀረበባቸው ክስም የታየው በዚሁ በልደታ ምድብ ችሎት ነው።

ስለ ክሱ መመስከርና መፍረድ የችሎቱ ሥራ ነው። የሥርዓቱ ጉዳይ ግን ለሁሉም ግልጽ መሆን አለበት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት ማንኛውም የምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም። ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀርም፣ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም። ይህ መብት የተሰጠው ለእንደራሴው ምቾት ሳይሆን ለመራጩ ጥቅም ነው። እንደራሴው ሚኒስትሩን ሲጠይቅ ነገ ምን ይደርስብኛል ብሎ የሚፈራ ከሆነ ጥያቄው ከጉሮሮው አይወጣም። ፈቃዱ ከእስሩ በኋላ የሚመጣ ከሆነም የሌሎች እንደራሴዎች ድፍረት ይቀንሳል። የማኅበር የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ ከጉባኤው ውሳኔ በፊት ቢታሰር፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ መጋዘኑ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ይገኝ እንደሆነ ማንም የማኅበር መሪ መገመት አያቅተውም።

ከማኅበራት መሪዎች የሚጠበቀው

የማኅበራት መሪዎች በመጀመሪያ የትኛው ጉዳይ ለየትኛው ምክር ቤት እንደሚቀርብ ለይተው ማወቅ ይገባቸዋል። የማዳበሪያ ግዢና ከውጭ ማስገባት በፌዴራል ደረጃ በኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን በኩል የሚፈጸም ነው። ስለሆነም የዘገየው ግዢው ከሆነ ጥያቄው የሚቀርበው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ነው። ማዳበሪያው ወደ ክልሉ ከገባ በኋላ በክፍፍሉ ላይ ችግር ከተፈጠረ ግን የሚጠየቀው የክልሉ አስተዳደር ነው፤ ጠያቂውም የክልሉ ምክር ቤት ነው። ክልሎችም የየራሳቸው ዋና ኦዲተር አላቸው። ከወረዳ መጋዘን የጠፋ እንደሆነ ደግሞ የወረዳው ምክር ቤት ይጠይቃል። አቤቱታው ቦታውን ከሳተ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከራተት ክረምቱ ያልፋል።

ሁለተኛ፣ አቤቱታው በመረጃ የተደገፈ መሆን አለበት። «ማዳበሪያ አልመጣም» የሚለው ቃል ሚኒስትርን አያስጨንቅም። «ማኅበሩ በዚህ ቀን ይህን ያህል ኩንታል ጠየቀ፤ ይህን ያህል ገንዘብ ከፈለ፤ በዚህ ቀን ይህን ያህል ብቻ ደረሰው፤ ደረሰኙም ይኸው» የሚለው ግን ለእንደራሴው የማይታጠፍ መሣሪያ ይሆነዋል። ሚኒስቴሩ ለኮሚቴው «መቶ በመቶ ተሠራጭቷል» የሚል ሪፖርት ቢያቀርብ፣ በእጁ የማኅበሩን መዝገብ ቅጂ የያዘ እንደራሴ ሪፖርቱን ከመሬቱ ጋር ማስተያየት ይችላል። ደብዳቤውም በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ በማኅበሩ መዝገብ ቤት መቀመጥ ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ ወቅቱን መጠበቅ ያስፈልጋል። በጀት የሚወሰነው በሰኔ ነው። የመንገድ፣ የመስኖና የጤና ጣቢያ ጥያቄ ሐምሌ ከገባ በኋላ ቢቀርብ ለዚያ ዓመት ዘግይቷል። እንደራሴው በዕረፍት ጊዜው ወደ ምርጫ ክልሉ ሲመጣ ሰላምታና አቀባበል ብቻ ተደርጎለት መሸኘት የለበትም። ባለፈው ዓመት የያዘው ጥያቄ ምን መልስ እንዳገኘ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሊጠየቅ ይገባል።

አራተኛ፣ ሌሎችም በሮች እንዳሉ መታወቅ አለበት። የሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋም በ1992 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የተቋቋመ ሲሆን፣ ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ነው። በአስተዳደር በደል ደርሶብኛል የሚል ገበሬ አቤቱታውን ሊያቀርብለት ይችላል። ከዚህም በላይ መራጩ ሕዝብ በተወካዩ ላይ እምነት ካጣ፣ ሕግ በሚደነግገው መሠረት ውክልናው እንደሚነሣ በሕገ መንግሥቱ ተጽፏል። ይህ መብት በቀላሉ የሚሠራበት ባይሆንም መኖሩን እንደራሴውም መራጩም ማስታወስ አለባቸው።

ይህ ሁሉ ላለፈው ብቻ የሚነገር አይደለም። በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በጎዴ፣ የአገሪቱን የተፈጥሮ ጋዝ በመጠቀም በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ማዳበሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ከናይጄሪያው የዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ወጪው 2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል ተብሏል። ሥራው ቢሳካ ለገበሬው የሚሰጠው ጥቅም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህም ነው ጥያቄው ከወዲሁ መነሣት ያለበት። የመንግሥት ድርሻ ስንት ነው? ገንዘቡ ከየት ይወጣል? ሥራው በየስድስት ወሩ የት መድረስ አለበት? ማዳበሪያው ለአገር ውስጥ ገበሬ በምን ዋጋ ይሸጣል? እነዚህን ጥያቄዎች ዛሬ በቋሚ ኮሚቴ ፊት መጠየቅ ማንንም መወንጀል አይደለም። እንዲያውም ለሥራው መቃናት የሚበጅ ነው። ያዩ ላይ እነዚህ ጥያቄዎች በጊዜያቸው በጽኑ ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ፣ ከዓመታት በኋላ ዐቃቤ ሕግ ሊያነሣው የሚገባው ነገር ባነሰ ነበር።

የማኅበር መሪ የአንድ ቀበሌ ሰው ነው። የምክር ቤቱ አዳራሽ ከቀበሌው ሩቅ ነው። ሆኖም እንደራሴው በአዳራሹ የሚያነሣው ጥያቄ የሚጀምረው ማኅበሩ ከጻፋት አንዲት ገጽና ካያያዛት ደረሰኝ ነው። የዘንድሮው የማዳበሪያ ጥያቄ ከነቀኑና ከነመጠኑ ተመዝግቦ፣ በማኅበሩ ማኅተም ታትሞ፣ ከመስከረሙ የምክር ቤት መክፈቻ በፊት እንደራሴው እጅ መግባት አለበት።